መብራት ሲመጣ ቀድሞ የሚነሳው

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዋለ። እንደ ወትሮው። የችሎት ቀን ስለሆነ በረንዳው ከጠዋት ጀምሮ በሰው ጢም ብሏል። የአንዲት ሴትዮ የቀለብ አቤቱታ ግማሽ ላይ ደርሼ... ድርግም። "ምነው?" ብላ አፈጠጠችብኝ፤ የቡታጅራን መብራት የማጠፋው እኔ ይመስል።

ሲመጣ የኮምፒውተሬን ቁልፍ ተጫንኩ። ነጫጭ ነጥቦች መዞር ጀመሩ። ይዞራሉ... ይዞራሉ... በረንዳው ጫፍ ሻይ የምትሸጠው ሳሌሃ ለሰው ሁሉ አድላ፣ ብርጭቆ ሰብስባ፣ አጥባ ደርድራ ጨረሰች። የኔ ነጥቦች ገና ይዞራሉ።

ከቺፕውድ ግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ የፈቲሀ ማሽን ጢን አለ። ተነሳላት። ወዲያው ያ ድምጿ፦ "ኑ፣ እዚህ ተከፍቷል! ምን ያንገላታችኋል!" ሴትዮዬ ነጠላዋን ሰብስባ ውልቅ። የጻፍኩላትን እንኳ አልጠየቀችም።

ክፍሉ እኮ አንድ ነበር። የሁለታችን። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ስንቱን ክስ፣ ስንቱን ይግባኝ የጻፍንበት። ሚያዝያ ላይ ተጣላን፤ ባለቤቱ ሀጂ ሸረፋ መሃል ላይ ቺፕውድ ገተረና ለሁለት ከፈለው። ዕቃውን በዕጣ ተካፈልን። ለእሷ ደህናው ማሽን፣ ለእኔ ይሄ ሽማግሌ። ዕጣውን ያወጣው ማን ነበር? የአክስቷ ልጅ! ፍረዱኝ እንግዲህ... ማንን ነው ፍረዱኝ የምለው?

የጠባችን ምክንያት ደግሞ... "መሰለች የደንበኛን ጉዳይ ታወራለች" ብላ ለሰው መናገሯ። እኔ! እኔ የማወራው ለሳሌሃ ብቻ ነው። ሳሌሃ የሀጂ ሚስት ናት፤ የቤት ሰው። ለቤት ሰው መንገር ወሬ ይባላል?

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሀጂ ከጁምዓ መልስ ደጃፌ ላይ ቆመ። ፈቲሀንም ጠራት። ሁለታችንም የተለያየ ምሰሶ ተደግፈን ቆምን።

"ልጆቼ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ግማሹን ለመድኃኒት ቤት ልሰጥ ነው። አንዳችሁ ብቻ ናችሁ የምትቀሩት።"

"ማን?" አልነው እኩል። እኩል በማለታችን ተናደድኩ።

"ሰው የሚበዛባት። በረንዳዬ ላይ ሰው ሲቆም ሳሌሃም ሻይ ትሸጣለች። ወላሂ ሌላ ነገር የለብኝም፣ ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ።"

ይወደናል! ከፍርድ ቤቱ በር የራቀ ጸሐፊ ማን ይሄድለታል? ሌላው ቤት ሁሉ ተይዟል። ልጄን ሀሴትን በዚህ ክፍል ወረቀት ካርቶን ውስጥ እያስተኛሁ ነው ያሳደግኳት። ለዩኒቨርሲቲ ያበቃኋት በዚሁ ክፍል ነው። ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል። ከዚህ ከወጣሁ የት ነው የምገባው?

ፈቲሀ ወደ ቤቷ ስትገባ ሳቅ ያለች መሰለኝ። ወይስ አስሏት ነው? አይደለም፤ ስቃለች።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ለሀሴት ደወልኩ። "እማ፣ ማሽኑ እስኪነሳ ሰው እየሄደብሽ ከሆነ ማሽኑን ነው ማሠራት። እዚህ ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢያችን በር ላይ ነብዩ የሚባል ልጅ አለ፣ የተማሪውን አሮጌ ላፕቶፕ ሁሉ የሚያስነሳ።"

"ቡታጅራ ሠሪ ጠፍቶ ጉብሬ ድረስ?"

"ቡታጅራ ያሉት ለፈቲሀም ይሠራሉ።"

ልጄ እናቷን ታውቃለች።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሲፒዩውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወልቂጤ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ "ምን ወለድሽ?" ይለኛል። ከወልቂጤ ጉብሬ በባጃጅ። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር የኔም ልብ ይዘላል።

ነብዩ የተባለው... እግዜር ይይለት። ማስቲካውን እያላመጠ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ማሽኑን ከፈተና "እትዬ፣ ይሄን ከየት ነው ያወጣሽው?" አለኝ። እትዬ! አርባ ሳይሞላኝ!

"ሥራህን ሥራ።"

"እየሠራሁ ነው። ማሽንሽ አልታመመም፤ ሸክም ነው የበዛበት። ገና ሲነሳ ስንት ነገር ይቀሰቅሳል፣ የማትጠቀሚበትን ሁሉ። ዊንዶውን አጥፍቼ ሊኑክስ ልጫንልሽ። ብዙ ዓይነት አለው፤ ቀላሉን፣ ለአሮጌ ማሽን የተሠራውን።"

"ስንት ነው?"

"ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። የእጄን ብቻ።"

ነፃ? የቡታጅራዋን መሰለች ወዶ በነፃ የሚሰጣት ማነው? አፍጥጬ አየሁት። እሱም አፈጠጠብኝ።

"ከውስጡ የምትፈልጊው ምንድነው? ሙሉ በሙሉ ነው የማጠፋው።"

"ሰነዶቼን። የደንበኛ ጉዳዮቼን። ሌላው ገደል ይግባ።"

ሰነዶቹን ገለበጠ፣ የቀረውን አጠፋ። ሲጨርስ ቁልፉን ተጫነ... ተነሳ! ማስቲካውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ሳያዞር። ደነገጥኩ። እንዳልደነገጥኩ ሆኜ "ይሄ ብቻ ነው?" አልኩት። አንድ ፍላሽም ጨመረልኝ። "ማሽኑ እምቢ ካለሽ በዚህ ታስነሺዋለሽ። ሊኑክሱ እዚሁ ላይ አለ፣ ማንኛውንም ማሽን ያስነሳል።" በየትኛው ቁልፍ እንደሚነሳ አሳየኝ። ሦስቴ አስደገመኝ፣ ያ ባለጌ፣ እንደ ተማሪ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ መብራት እንዲጠፋ ስጸልይ ዋልኩ። አልጠፋም። ለእልህ!

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ጠፋ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በረንዳው በሰው እንደታጨቀ፣ ሬጅስትራሩ ሊዘጋ ሲል። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። መጣ። ተጫንኩ። ከወዲያም ስትጫን ሰማኋት፤ ቺፕውድ ምን ይደብቃል?

ተነሳልኝ። የሷ ገና ያጉረመርማል። ብድግ ብዬ በሩ ላይ ወጣሁና፣ ድምፄን አለስልሼ፣ "መጻፍ የምትፈልጉ... ተከፍቷል" አልኩ። ልክ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ። በረንዳው ሁሉ ወደ እኔ ጎረፈ። ፈቲሀ ኪቦርዱን በጥፊ አለችው። በጆሮዬ ሰማሁ። ሳሌሃም ሰምታለች፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ፈቲሀ ለሰው ሁሉ "የመሰለች ማሽን ላይ ያለው ፕሮግራም የሌባ ነው፣ በእሱ የተጻፈ አቤቱታ ፍርድ ቤት አይቀበልም" እያለች ነው አሉ። ወረቀት ላይ የወጣ ጽሑፍ በምን እንደተጻፈ ዳኛው ያሸተዋል? መልስ አልሰጠኋትም። ለሳሌሃ ብቻ "አንዳንድ ሰው ሲበለጥ ያብዳል" አልኳት። ማታውን እንደሚደርሳት አውቃለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ምነው ዛሬን ባልኖርኩ።

ጋሽ ከድሮ የሚባሉ ደንበኛዬ መጡ። የመስቃን ገበሬ ናቸው፤ ጎረቤታቸው የበርበሬ ማሳቸውን ድንበር ገፍቶባቸው ተካሰዋል። ከዚህ በፊት የመከላከያ መልሳቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። አሁን አንድ ተጨማሪ ኮፒ ከቀትር በፊት አምጡ ተብለዋል፤ የራሳቸውን ኮፒ ቤት ረስተውታል።

"ችግር የለም ጋሼ፣ እዚህ አለ" ብዬ ከፈትኩት።

አማርኛው የለም። ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ጥያቄ ምልክት፣ መቶኛ... እንደ ተበተነ ገብስ። ሌላ ከፈትኩ። ያው። ሌላ... ያው! ከአምስት ዓመት በፊት የጻፍኩትም ያው። የአንድ ዕድር ደንብ፣ የስንቱ ሟች ውርስ...

"ልጄ፣ ይኼ ምንድነው? አማርኛ አይደለም፣ ዐረብኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይመስል።"

ነብዩ ጋ ደወልኩ። "እትዬ፣ በድሮው ፎንት ነው የጻፍሽው ማለት ነው። ፊደሉ ማሽንሽ ላይ ከሌለ ጽሑፉ እንደዚያ ነው የሚታይሽ። ሰነዱ አልጠፋም፣ ፊደሉ ነው የጠፋው።"

"ለምን አጠፋኸው?"

"ሌላው ገደል ይግባ ያልሽው አንቺ ነሻ! ቤት ስገባ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።"

ቤት ሲገባ! ጋሽ ከድሮ የግድግዳ ሰዓቴን ያያሉ። እኔን ያያሉ። ሰዓቱን ያያሉ። ያ ፎንት ደግሞ ያለው... ማን ጋ ነው? አብረን ሳለን የጫንነው እሷ ማሽን ላይ ነው።

ሄድኩ። በእግሬ ሄድኩ። "ፈቲሀ፣ የጋሽ ከድሮን አንድ ነገር አትሚልኝ" አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ወረፋ ያዢ።"

ያዝኩ! ከደንበኞቿ ኋላ፣ ፍላሼን ጨብጬ። ተራዬ ሲደርስ ፍላሹን በሶፍት ይዛ ተቀበለችኝ። በሶፍት! አማርኛው ወለል ብሎ ተከፈተላት። በረንዳው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦ "አዩ ጋሽ ከድሮ፣ ማሽን ፈጥኖ መነሳቱ ብቻውን ምን ያደርጋል? ተነስቶም ማንበብ አለበት።" ሰው ሳቀ። ሳሌሃ ሳቀች! ሻይዋን ከእንግዲህ አልጠጣም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ፎንቱ መጣ። ጫንኩት፣ ሁሉም አማርኛ ሆነ። ጋሽ ከድሮ ግን ዛሬ ፈቲሀ ጋ ገብተው ዋሉ። የክርክር ማቆሚያቸውን በቃል እየነገሯት ስትጽፍላቸው ሰማሁ፤ ከዘር ግንዳቸው ጀምረው። ሌሎችም ተከትለዋቸዋል።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይል ጨምሮ መጣ። የኔ አምፖል ጧ ብሎ ፈነዳ። ማሽኔ ግን ተነሳ። የፈቲሀ አልተነሳም። ተጫነች፣ አጠፋች፣ ተጫነች። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም ብቻ። እንዴት አወቅሁ? ቺፕውዱ ላይ ቀዳዳ አለ። እኔ አይደለሁም የበሳሁት፣ ምስማር ነው።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሳሌሃ ሻይ ይዛ መጣች። ሳልጠይቃት። አልነካሁትም።

"መሰሉ፣ ያቺ ልጅ የደንበኞቿ ሰነድ ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ቀረ እያለች ታለቅሳለች። አንቺ ማንኛውንም ማሽን የሚያስነሳ ፍላሽ አለኝ ብለሽኝ ነበር..."

"እሷ ላከችሽ?"

"ኧረ አልላከችኝም።"

"እንግዲያው ራሷ ትምጣ። ወረፋ ትያዝ።"

ሳሌሃ ሻይዋን አንስታ ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ "ልብሽ ድንጋይ ነው" አለችኝ። ድንጋይ አይደለም። ሶፍት አይቼ ነው።

የፈቲሀ ደንበኞች እኔ ጋ ተሰለፉ። እንደ አዲስ እጽፍላቸዋለሁ። ጣቴ ዝሎ... ደስ ሲል!

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሀጂ ጠዋት መጣ። "ሰው እዚህ ነው የበዛው። ክፍሉ ያንቺ ነው። ለፈቲሀም ነግሬያታለሁ።" ቃል በቃል ይሄን አለ። አሸነፍኩ። ለሀሴት ደውዬ ልነግራት ስልኩን አነሳሁ፤ ጋሽ ከድሮ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ከቀትር በኋላ ነው ቀጠሮዬ። ያ የክርክር ማቆሚያ እሷ ማሽን ውስጥ ነው።"

"ይንገሩኝ፣ እንደ አዲስ እጽፍልዎታለሁ ጋሼ።"

"ቀኑን ሙሉ ነው የነገርኳት። ምስክሮቹን በስም፣ ድንበሩን በድንጋይ በድንጋይ። አሁን ከየት አምጥቼ ልድገመው?" ኮፍያቸውን አወለቁ። "ያንቺ ሲበላሽ እሷ አወጣችልኝ። ሰድባሽም ቢሆን አወጣችልኝ። አንቺ ተሳደቢ፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ግን አውጪልኝ።"

ፍላሹን አንስቼ ገባሁ።

ፈቲሀ ዕቃዋን በካርቶን እየከተተች ነበር። አይኗ አብጧል።

"ልትታዘቢኝ ነው የመጣሽው?"

"አንቺን ብዬ አይደለም። ጋሽ ከድሮን ብዬ ነው። ከማሽኑ ዞር በይ።"

"ያንን የሌባ ነገርሽን እኔ ማሽን ውስጥ አትከቺም!"

"አይከተትም። ከፍላሹ ላይ ነው የሚሠራው፣ ያንቺን ነገር አይነካም። ዞር በይ አልኩሽ።"

"ብታጠፊብኝስ?"

"ሞቶ የለ እንዴ? ከሞተ ወዲያ ምን ላጠፋብሽ ነው?"

"ወላሂ፣ እናንተ ሴቶች!" ጋሽ ከድሮ ጮኹ። "እዚያ ሰውዬው በርበሬዬን እየለቀመ ነው!"

ዞር አለች። ፍላሹን ሰካሁ፣ ነብዩ ሦስቴ ያስደገመኝን ቁልፍ ተጫንኩ። እጄን ሳላነሳ ተነሳ። እኔ ማሽን ላይ እንኳ እንደዚያ አይነሳም። ደህናው ማሽን... ቀናሁ፤ እዚያው ቆሜ ቀናሁ።

ሰነዶቿ አንድም አልጎደሉ። በራሷ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩላት። ስሞቹ በዓይኔ ፊት ሲያልፉ... የሳሌሃ ወንድም ፍቺ! የመምህሩ ይግባኝ! አንዱንም አልከፈትኩም። ፈቲሀ ትከሻዬ ላይ ስለተተከለች ይሁን ወይ ስለጨዋነቴ፣ አላውቅም።

የጋሽ ከድሮን እኔ ማሽን ላይ አምጥቼ አተምኩት። ፎንቱም አለ፣ አማርኛውም አለ። ወረቀቱን ይዘው ሮጡ። "አላህ ይስጥልኝ" ያሉት ለሁለታችን ይሁን ለአንዳችን አልለየሁም።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። አመሰግናለሁ አላለችም። "ጠረጴዛዬ ላይ የላብሽን አሻራ ተውሽ" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ካርቶኑን እያሰረች፣ እንደ ዘበት፦

"ማነው ይሄን የሠራልሽ?"

"ነብዩ የሚባል ልጅ ነው። ጉብሬ፣ ግቢው በር ላይ፣ ፎቶ ቤቱ አጠገብ። አፉ ያስጠላል እንጂ እጁ..."

እዚያ ላይ ነቃሁ። አፌ! ይሄ አፌ!

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ፈቲሀ ወጣች። ጋሪ ላይ ጭና። አልተሰናበትንም። ነገ መድኃኒት ቤቱ ይገባል።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

መብራት ሄደ፣ መጣ። ማሽኔ ተነሳ። ማንን ቀደምኩ? ከወዲያ በኩል ባለመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ይቸነክራል። ፀጥ ያለ ሰው ነው። ሰላምታው እንኳ ያንቀላፋል። ሦስት ሰው ብቻ ጻፍኩ። ምሳ አላሰኘኝም።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ከዚህ ሁሉ ቦታ ፊት ለፊት! ከመንገዱ ማዶ፣ ከፍርድ ቤቱ በር አጥር ጥግ፣ የሆነ ሰው ኮንቴነር አስቀምጦ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ተከፈተ፣ ውስጡ ማን አለ? እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ለበሩ ትቀርባለች። አረንጓዴ ቀለም ቀብታዋለች፣ ዓይን የሚያሳምም አረንጓዴ።

ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ሁለታችንም በራችን ላይ ወጣን። እሷ እጇን ወገቧ ላይ። እኔም። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ አስፋልቱ መሃል ቆመ፤ ግማሹ ወደ እኔ፣ ግማሹ ወደ እሷ እያየ። ባጃጆች እየዞሩት ያልፋሉ፣ ሹፌሮች ይሳደባሉ፣ ከመንገዱ ግን ንቅንቅ የሚል የለም። የማን ቀድሞ እንደሚነሳ ሊያይ ነው!

መጣ። ሁለታችንም ወደ ውስጥ ሮጥን። ተጫንኩ። ገና ስክሪኔ ሳይነጣ አስፋልቱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ አረንጓዴው ኮንቴነር ሲፈስ አየሁ። ጋሽ ከድሮም አሉበት! ማሳው ተፈርዶላቸው ግልባጭ ሊያስጽፉ መጥተው። በእጃቸው ሰላም አሉኝና አለፉ።

ነብዩ ጋ ደወልኩ።

"አንተ! ለፈቲሀ ምን ጫንክላት?"

"ያንቺኑ። ያው ነው እኮ እትዬ። ማሽኗ ስለሚሻል ነው የሚፈጥነው።"

"የኔ ከዚህ በላይ አይፈጥንም?"

ማስቲካውን ሲያላምጥ ይሰማኛል። "አሮጌውን ዲስክ አውጥተን አዲሱን ዓይነት ብንከትበት... ትቀድሚያታለሽ።"

ሀጂ ቅድም በደጃፌ አልፎ "ሰው ቀነሰ ሳ" አለኝ። ይበል። ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ፤ ሳሌሃም ሻይ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። ነገ ጉብሬ ነኝ። ማሽኑን ታቅፌ በጓሮ በር ነው የምወጣው፤ ያቺ ካየችኝ ነገ ከነገ ወዲያ እሷም ትከተለኛለች።